ልጄ የጦር አካዳሚ ልግባ አለች፤ የመግቢያ ፈተናው ምን ይመስላል?

የመክፈቻው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ 11ኛ ክፍል ናት። የገና ዕለት ማታ እንግዶቹን ከሸኘን በኋላ ሳህን እያጠበች ሳለ ውሃውን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። የአሜሪካ ጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት አካዳሚ፣ ዌስት ፖይንት ለመግባት ማመልከት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከጣቶቿ ጫፍ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ያየሁት ያንን ብቻ ነው፤ ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት አቅም አጣሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ የካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር ቀርቷል። መርዶው ቤታችን የደረሰው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እያለች ትነሳ ነበር። ወታደር የሚለው ቃል በእኛ ቤት እንዲሁ የሚነገር ቃል አይደለም። ልጄን አታመልክቺ ብዬ መከልከል ግን አልፈለግሁም፤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ይሁንሽ ማለትም አልችልም።

የምታውቁ ንገሩኝ። እንደ እኛ ማትሪክ ያለ የመግቢያ ፈተና አለው? የት ይሰጣል? ምዝገባው መቼ ነው? የትምህርት ቤቷን አማካሪ ጠይቄ ያገኘሁት የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ነው።

መልሶቹ

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚመጣ ወላጅ ሁሉንም ከማንበብ ይልቅ እንዲቀልለው መልሶቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ስህተት የነበረውም ከነእርማቱ ተቀምጧል። ስድቡን ትቼዋለሁ።

መልስ 1። ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ልጁ ዌስት ፖይንት ሁለተኛ ዓመት የደረሰለት አባት ነው የጻፈው። መጀመሪያ ጥያቄዬን በትሕትና አቃና፤ አካዳሚው ራሱ አዘጋጅቶ የሚፈትነው የወረቀት ፈተና የለውም። የሚያየው ለማንኛውም ኮሌጅ የሚወሰደውን የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ ውጤት ነው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት ማርክ፣ የመምህራን ምስክርነት፣ የአካል ብቃት ፈተና፣ የጤና ምርመራ እና ጥቆማ የሚባል ነገር ይጨመራል። የመጀመሪያው ቅጽ የሚሞላው በ11ኛ ክፍል ከጃንዋሪ ጀምሮ ስለሆነ ልጄ እንዳልዘገየች አረጋገጠልኝ። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ የሚወድቁት ፈተናው ላይ ሳይሆን ጥቆማው ላይ እንደሆነም አስጠነቀቀ፤ ምክንያቱም ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

መልስ 2። አንዲት ሴት መሠረታዊዎቹን መስፈርቶች ዘረዘረች። አመልካቹ በሚገባበት ዓመት ጁላይ 1 ቀን 17 ዓመት የሞላው፣ 23 ያልደረሰ፣ ያላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ የሌለው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። አጭር ጽሑፍ ነበር፤ ግን ዜጋ የሚለው ቃል በኋላ ብዙ አነጋገረ።

መልስ 3። ጥቆማው ምን እንደሆነ ጠይቄ የቨርጂኒያው አባት ተመልሶ አስረዳኝ። ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ ሴናተርና እያንዳንዱ የምክር ቤት እንደራሴ በአንድ ጊዜ አምስት እጩ መኮንኖች በአካዳሚው ውስጥ በስሙ ሊኖሩት ይችላሉ። አንዱ ሲመረቅ ቦታ ይከፈታል፤ ለዚያ ቦታ ከአካባቢው ልጆች መካከል የሚያጫቸውን ይልካል። ከምክትል ፕሬዚዳንቱም ጥቆማ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ሜሪላንድ የምትኖር ልጅ የሁለት ሴናተሮች፣ የአንድ እንደራሴና የምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ በድምሩ አራት በር አላት። አራቱም የየራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። የየቢሮው የመጨረሻ ቀንም የተለያየ ነው፤ አብዛኛው በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ፣ በመከር ወራት ይዘጋል። የእሱ ልጅ ለአንዱ ቢሮ ሁለት ቀን አሳልፎ ልኮ ፋይሉ ሳይከፈት ተመልሶበታል። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ በሌላኛው በር ገባ።

መልስ 4። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ለይስሙላ ነው፣ ጥቆማ የሚገኘው በዘመድና በገንዘብ ነው፣ የታክሲ ሹፌር ልጅ ሴናተር ቤት ምን ያደርጋል ሲል ጻፈ።

መልስ 5። ይህ የእኔ ነው። ተቆጥቼ ነበር የጻፍኩት፤ ዛሬም አልጸጸትም። ልጄ ይህን ክር ታነባለች። ሳትሞክር ተስፋ የሚያስቆርጣት እንዲህ ያለ ወሬ እንጂ ሴናተር አይደለም። ማስረጃ ካለው እንዲያመጣ ጠየቅሁት፤ አላመጣም።

መልስ 6። የቨርጂኒያው አባት ነገሩን አበረደው። እሱ ራሱ አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ ልጁን የጠቆሙትን እንደራሴ እስከ ዛሬ በአካል አያውቃቸውም። ቢሮው የጠየቀው ማርክ፣ ድርሰት፣ የምስክርነት ደብዳቤዎችና ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ቃለ መጠይቁንም ያደረጉት ፖለቲከኞች ሳይሆኑ ጡረታ የወጡ መኮንኖችና የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ።

መልስ 7። ከዳላስ አንዲት እናት በሐዘን ጻፈች። ቤተሰቡ በዲቪ የመጣ ነው፤ እሷ ቃለ መሐላ ፈጽማ ዜግነት ወስዳለች፣ የልጇ ግን ግሪን ካርድ ስለሆነ ወንበሩ አምልጦታል ብላ ደምድማለች።

መልስ 8። ሙያው የስደተኞች ጉዳይ የሆነ ሰው ቶሎ አረማት። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ልጁ 18 ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ይዞ፣ ዜጋ ከሆነች እናቱ ጋር በእሷ አሳዳጊነት የሚኖር ከሆነ፣ እሷ በማለችበት ዕለት እሱም ዜጋ ሆኗል። የቀረው ማረጋገጫ ወረቀት ማውጣት ነው፤ ፓስፖርቱን ማውጣትም ይበቃል። ሴትየዋ ከሰዓታት በኋላ ተመልሳ ምስጋናዋን ጻፈች። ልጇ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜጋ ሆኖ ሳያውቀው ኖሯል። ይህን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አንድ ልጅ በአንድ ያልተነበበ ሕግ ምክንያት ሕልሙን ሊጥል ነበር።

መልስ 9። ከሚኒሶታ አንድ አጎት የልደት ቀን ጉዳይ አነሣ። የወንድሙ ልጅ የመጣው ከኬንያ የስደተኞች ካምፕ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል። በዚያ ላይ ዓመቱ ከእኛ አቆጣጠር ሲዛወር ተሳስቷል። ዕድሜ በቀን የሚቆጠርበት ቦታ ሲደርሱ የክርስትና ካርዱ አንድ ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሌላ ዓመት ሆኖ ተገኘ። ወረቀቶቻችሁን አሁኑኑ አስተያዩ የሚል ነው ምክሩ።

መልስ 10። ስለ ኤስኤቲ አሠራር የተጻፈው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የጻፈውም በራሱ ዘመን የተፈተነ ወጣት ነው። ያልተረጋገጠ ጥያቄ ባዶ ይተው፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ያስቀንሳል ብሎ መከረ።

መልስ 11። አንዲት የሒሳብ መምህርት ይህን አስተካከለች፤ ለልጄ እጅግ የጠቀማት መልስ የእሷ ነው። ቅጣቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ዛሬ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም። ፈተናው ወረቀት መሆኑም ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ የሠራ ተማሪ በሁለተኛው ግማሽ ከበድ ያለ ጥያቄ ይመጣለታል፣ ከፍ ያለውን ነጥብ የሚያገኘውም በዚያ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ ከበደኝ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ መክበዱ ደግ ምልክት ነው። የሒሳብ ማስያው ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ አለ። ካን አካዳሚ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ልምምዱ በነፃ ነው፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ የፈተናውም ክፍያ ይነሣለታል። ዌስት ፖይንት ደግሞ ተማሪው ደጋግሞ ቢፈተን ከየክፍሉ የተሻለውን ውጤት ይወስዳል። ልጆቻችን በሒሳብ እንደሚበረቱ፣ ነጥብ የሚጥሉት ግን የቤታቸው ቋንቋ ሌላ ስለሆነ በንባቡ ላይ መሆኑን ከራሷ ክፍል ልምድ ጨመረች። የእኔዋም እንደዚያው ነበረች።

መልስ 12። ከሲያትል የጻፈ ሰው ፈተናውን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ወንድሟን ጦርነት የበላባት ሴት ልጇን ለሰው አገር ጦር ስትመርቅ ማየት አሳፋሪ ነው አለ። ነፃ ትምህርት የሚባለው ማጥመጃ እንደሆነም ጨመረ። ከዚህ የባሰ ቃልም ነበረበት። ሁለት ቀን ምንም አልጻፍኩም። ምክንያቱም ከስድቡ በታች ያለው ጥያቄ የራሴ ጥያቄ ነበር።

መልስ 13። መምህርቷ ሰውየውን በቁጣ ተናገረችው። ልጅቷ የተወለደችው እዚህ ነው፤ የሰው አገር የሚለው ለአባቷና ለእናቷ እንጂ ለእሷ አይሠራም። ቁጣዋ ልቤን ቢያሞቀውም መልሱ እንደዚያ ቀላል አልመሰለኝም።

መልስ 14። የቨርጂኒያው አባት ስለ ማጥመጃው ለብቻው መለሰ፤ ያለ ቁጣ፣ በቁጥር። የትምህርት ክፍያ የለም፣ ምግብና መኝታ አለ፣ እጩ መኮንኑ ወርኃዊ አበልም ይከፈለዋል። ተመራቂው የሳይንስ ዲግሪና የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ያገኛል። በምትኩ አምስት ዓመት በመደበኛ ጦር፣ ሦስት ዓመት በተጠባባቂነት ግዴታ አለበት። ይህ የተደበቀ አይደለም። ሐሳቡን የለወጠ ልጅ ሦስተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ያለ ግዴታ መውጣት ይችላል። ዋጋ የለውም ያለ ሰው ይዋሻል፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ በር ላይ ተጽፏል። ልጄን ያስቀመጥኳት ይህን መልስ ይዤ ነው። ስምንቱን ዓመት በጣቷ ቆጠረች፤ ሠላሳ ዓመቷ ድረስ ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

መልስ 15። ኦሃዮ የሚኖሩ የ78 ዓመት አዛውንት ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። እሳቸው በ1950 የተቋቋመው የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ ናቸው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመልምለው ሲሄዱ የወረቀቱ ፈተና እንግሊዝኛና ሒሳብ ነበር፤ እሱ አላስጨነቃቸውም። የጨነቃቸው ቃለ መጠይቁ ነው። አካዳሚውን ያቋቋሙትና ያስተማሩት የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። ጋሼ የለበሱት የአጎታቸውን ልጅ ጫማ ነው፤ ስለሰፋቸው ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀውበታል። ሲራመዱ ተረከዛቸው ይወጣል። ሕንዳዊው መኮንን ወረቀቱን ትቶ ጫማቸውን አየና የማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ዋሽተው የእኔ ነው ሊሉ አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር። የተዋሱት መሆኑን፣ ጨርቅም እንዳለበት ተናገሩ። ሰውየው አንድ ነገር ጻፈ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። አለፉ። ለልጄ የላኩት መልእክት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሰው ጫማ የእኔ ነው እንዳትል ነው።

ለሲያትሉ ሰውም ሁለት መስመር ጻፉለት። እሳቸው ጓዶቻቸውን በኦጋዴን ቀብረዋል፤ የሰው እናት እንዲያስተምር ማንም አልሾመውም።

መልስ 16። አንድ የታሪክ ወዳጅ ጋሼን ሊያርም መጣ፤ አካዳሚው የተቋቋመው በ1958 ነው እንጂ እሳቸው ቀደም ብለው እንዳሉት በ1950 አይደለም አለ። በዚህ ተነሥቶ ክሩ ለአንድ ቀን ሙሉ ከመንገዱ ወጣ። ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. መለየት የማይችል ሰው ስለ ታሪክ አይጻፍ ብሎ ቀጠቀጠው። ሁለቱም ቁጥር አንድ ዓመት ነበር።

መልስ 17። ከዚያ የሆለታና የሐረር ነገር ተነሣ። የአባቱ ሆለታ ገነት መማር የሚያኮራው ሰው፣ ትምህርት ቤቱ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ሲከፈት ሐረር ገና አልታሰበም አለ። ስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታም ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ዓመት ሳይሞላቸው ጣሊያን እንደ ዘመተብን፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦር ሜዳ እንደ ወጡ ጻፈ። የሐረሮች ኩራት፣ የሆለታዎች ቅሬታ፣ ማን ማንን ይንቅ ነበር የሚለው ሁሉ ተዘረዘረ። ጋሼ ራሳቸው መጨረሻ ላይ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ያስተማሯቸው ልጆች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረዋል ብለው ዘጉት። የመድረኩ አስተባባሪም ወደ ጥያቄው እንድንመለስ አሳሰበ።

መልስ 18። ከአዲስ አበባ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እሱም ማመልከት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የስደተኞች ጉዳይ ባለሙያው አጭር መልስ ሰጠው። የውጭ አገር ዜጎች በየትኛውም ጊዜ እስከ 60 ድረስ በአካዳሚው ይማራሉ፤ ነገር ግን የሚላኩት በተጋበዙ መንግሥታት በኩል ስለሆነ በግል ማመልከቻ አይሆንም። ልጁ አመሰገነና ሄደ። ስለ እሱ ዛሬም አስባለሁ።

መልስ 19። እስራኤል፣ ሬሖቮት የምትኖር ሴት የእነሱ መንገድ የተለየ መሆኑን ጻፈች። እዚያ ልጅ በ18 ዓመቱ ለግዳጅ ይጠራል፤ ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ጥሪ ላይ የአእምሮ ችሎታ ፈተናና የጤና ምርመራ ያልፋል። መኮንን የሚሆነው ከወታደሮቹ መካከል ተመርጦ ነው፤ የሚሠለጥነውም ኔጌቭ በረሃ፣ ሚጽፔ ራሞን አጠገብ ባለው የመኮንኖች ትምህርት ቤት። የእህቷ ልጅ ከዚያ ወጥታለች። ልጅቷ ማዕረግ በተቀበለች ዕለት አያቷ ነጠላቸውን አጣፍተው እልል ሲሉ አዛዡ ቆሞ እንደጠበቃቸው ጻፈች። ከለንደንም አንድ ሰው የእንግሊዝ ጦር የመኮንኖች ትምህርት ቤት የሆነው ሳንድኸርስት 44 ሳምንት ብቻ እንደሆነና ከሚገቡት አብዛኞቹ ዲግሪ የያዙ መሆናቸውን አከለ።

መልስ 20። ከአትላንታ የአንድ ልጅ እናት የጤናውን ጉዳይ አነሣች፤ ማንም ያላነሣው ነበር። ልጇ ወረቀቱ ሁሉ ሞልቶ በጤና ምርመራ ተመለሰ። በ14 ዓመቱ ክረምት ላይ ሲያስለው ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሲያዝለት መዝገቡ ላይ አስም ብሎ ጽፎ ነበር። ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የተመዘገበ አስም ደግሞ ያስከለክላል። ልጁ ግን በየሳምንቱ አሥር ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የትንፋሽ ምርመራ ተደርጎለት፣ የሐኪም ማብራሪያ ተጽፎለት፣ አካዳሚው ልዩ ፈቃድ እስኪሰጠው አራት ወር ፈጀ። እናቲቱ የምትለምነን የልጆቻችንን የሕክምና መዝገብ ከማመልከቻው በፊት አስወጥተን እንድናነብ ነው። በማግሥቱ የልጄን መዝገብ ጠየቅሁ። ደኅና ነበር፤ እስኪመጣ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም።

መልስ 21። ይህም የእኔ ነው፤ በሜይ የጻፍኩት። የአካል ብቃት ፈተናውን በዓይኔ ስላየሁ ለሌሎች እንዲሆን ዘርዝሬዋለሁ። ስድስት ነገር ነው፣ በአንድ ቀን፣ በአጭር በአጭር እረፍት፤ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ መወርወር፣ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ፣ በአጭር ርቀት መመላለስ፣ ሲት አፕ፣ ፑሽ አፕና በመጨረሻ አንድ ማይል ሩጫ። የሚፈትናትም የትምህርት ቤቷ የስፖርት መምህር ነው። ልጄ በሩጫው አትታማም። ብረቱ ነበር ችግሯ፤ በጃንዋሪ አንድም ጊዜ አገጯን ማሳለፍ አልቻለችም። ባለቤቴ የመኝታ ቤቷ በር ላይ ብረት ገጠመላት፤ በገባች በወጣች ቁጥር ትንጠለጠላለች። እጇ መሐል ተላጠ፣ ደረቀ፣ እንደ ገበሬ እጅ ጠነከረ። በፈተናው ቀን አራት ጊዜ ሳበች። አምስተኛው ላይ አገጯ ከብረቱ በታች ጣት የምታህል ቦታ ሲቀራት እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆየችና ወረደች። መምህሩ አራት ብሎ ጻፈ። እኔ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ኳሱን ስትወረውር ተንበርክካ ያየኋት ጊዜ ግን ወንድሜ ትዝ አለኝ፤ ድንጋይ ሲወረውር እንደዚያው ነበር ትከሻው።

መልስ 22። ሌላ አባት ጥሩ ማስታወሻ ጨመረ፤ አንድ አካዳሚ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ አለ። የባሕር ኃይሉ አካዳሚ አናፖሊስ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ የአየር ኃይሉ ኮሎራዶ ነው፤ ሁለቱም ጥቆማ ይፈልጋሉ። ኮኔቲከት ያለው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አካዳሚ ግን ጥቆማ አይጠይቅም። የዌስት ፖይንትን በር ለጥቂት የሚስት ተማሪ ደግሞ አካዳሚው ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ዓመት ሊልከው ይችላል። መምህርቷ በዚህ ላይ የሲቪል ዩኒቨርሲቲም አብራችሁ አመልክቱ ብላ አሳሰበች።

መልስ 23። የእኔ የመጨረሻው፣ በኦክቶበር የጻፍኩት። ኤስኤቲውን ሁለት ጊዜ ወሰደች፤ በማርች 1310፣ በኦገስት 1390። የተጨመረው ሁሉ ከንባቡ ነው፤ የመምህርቷ ምክር ሠርቷል። ለአራቱም በሮች አመለከተች፤ ቀኖቹን ማቀዝቀዣው ላይ በቀይ ብዕር ጽፈን ለጥፈናቸው ነበር። የእንደራሴው ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ቅዳሜ ጠዋት ጠራት። ወላጅ ስለማይገባ መኪና ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ።

ስትወጣ ሦስት ሰዎች እንደጠየቋት ነገረችኝ። ከመካከላቸው አንዱ በምርኩዝ የሚሄድ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ለምን መኮንን መሆን እንደምትፈልግ የጠየቃትም እሱ ነው። የተዘጋጀችበት ስለ አመራርና ስለ አገር የሚያወራ መልስ ነበራት፤ እኔም አብሬያት አጥንቼዋለሁ። እሱን ተወችው። ስለ አጎቷና በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳ ስለነበረችው አያቷ ነገረቻቸው። ያንን ታሪክ ከእኔ አልሰማችውም፤ እኔ ነግሬያት አላውቅም። ለካ በበጋው ለእናቴ ደሴ ድረስ እየደወለች ስትጠይቃት ኖራለች። ወታደሮቿን በስም የምታውቅ፣ አንዱ ቢወድቅ የእናቱን በር ራሷ ሄዳ የምታንኳኳ መኮንን መሆን እንደምትፈልግ ተናገረች። ባለምርኩዙ ሰውዬ ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። መኪናዋን ሳላስነሣ ብዙ ቆየሁ። ጋሼ ይህን አንብበው የጻፉት አንድ ቃል ነው፤ የራሷን ጫማ ማድረጓን።

ጥቆማው ይምጣ አይምጣ ገና አናውቅም፤ የቢሮዎቹ ስም ዝርዝር አካዳሚው የሚደርሰው እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው።

መልስ 24። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ነገር ጠየቀች። መነጽር ታደርጋለች፤ ያስከለክላት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ለእናቷም ገና አልነገረችም፤ መቼ ብትነግራት እንደሚሻል ጠየቀች። ለመነጽሩ እኔ መለስኩ፤ ዓይኗ በመነጽር በደንብ የሚስተካከል ከሆነ መነጽር ማድረጓ ብቻውን አያስቀራትም፣ የዓይን ሐኪሟን ወረቀት ግን ከአሁኑ ትያዝ። ሁለተኛውን ሳነብ ልጄ ከትከሻዬ በላይ ቆማ ታነብ ኖሮ ኮምፒውተሩን ወሰደችብኝ።

መልስ 25። ይህ የልጄ ነው። ለልጅቷ የቀኖቹን ዝርዝር ጻፈችላት፤ ቅጹን፣ ፈተናውን፣ የሕክምና መዝገቡን፣ አራቱን በሮች፣ እያንዳንዱን ከነወሩ። ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ እናት የሚነገራት ቀን ተቀምጧል፤ ጃንዋሪ፣ ከቅጹ በፊት።